ስለ ማረር፦ በኤሌክትሪክ የቤት ቢራ መጥመቂያ ወለል ላይ የሚሆነውና መከላከያው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ነው። በአንድ የብረት ጋን ወለል ላይ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ሽፋን ውስጥ ስለሚሆን ነገር ነው። ማስታወቂያውን ያነበቡ አንድ ባልደረባዬ «ድስት ስለ ማረሩ ለመናገር ዶክትሬት ያስፈልጋል ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያዘገየኝ ዶክትሬቱ ነው» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ እንዳልነበረ ንግግሬን ስጨርስ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድሜ መሣሪያውን ላስተዋውቃችሁ። ሁሉን በአንድ የሚሠራ የኤሌክትሪክ መጥመቂያ የምንለው ከ30 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ረጅም ጋን ነው። ከወለሉ ሥር፣ በእንጀራ ምጣዳችን ሬዚስታንስ የምንለው ዓይነት ማሞቂያ ተገጥሞለታል። በውስጡ ወለሉ ወንፊት የሆነ የብቅል ቅርጫት ይቀመጣል። የተሰባበረው ብቅል በቅርጫቱ ውስጥ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ፓምፑ ከወንፊቱ በታች የተጠራቀመውን ፈሳሽ እየሳበ ከላይ መልሶ ያፈስሰዋል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ቅርጫቱ ተነሥቶ ይጠነፈፋል። የቀረው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ የሙያው ሰዎች ወርት የሚሉት፣ በዚያው ጋን ውስጥ ይፈላል። የጀርመኑ ብራውማይስተርና የኒው ዚላንዱ ግሬንፋዘር የዚህ ቤተሰብ የታወቁ አባላት ናቸው። ቀድሞ ሦስት ዕቃ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ በአንድ ጋን ስለሚጨርሱ በቤታቸው በሚጠምቁ ሰዎች ዘንድ ተወድደዋል። እንደ እኛ ላለ የማስተማሪያ ቤተ ሙከራም የተመቹ ናቸው።

ለእኛም ከዚሁ ዓይነት አንዱ ደረሰን። ሁለት ማሞቂያዎች አሉት፤ አንዱ 500 ዋት፣ ሌላው 1900 ዋት፤ በአንድነት 2400 ዋት። ከፊት ለፊቱ የሙቀቱን መጠን የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። የዛሬው ታሪክ በዚያ ሰሌዳ ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የመመረቂያ ዓመት ተማሪ በእኔ አማካሪነት ትሠራ ነበር። ጥናቷ ከገብስ ብቅል ከፊሉን ባልበቀለ የማሽላ ዱቄት መተካትን የሚመለከት ነበር። የመጀመሪያው ጥምቅ ገና ሳይፈላ መጥታ ጠራችኝ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያሽትቱት፤ አርሯል» አለችኝ።

እኔ ያየሁት ሰሌዳውን ነበር። «67 ዲግሪ ይላል። በ67 ዲግሪ የሚያርር ነገር የለም፤ ቀጥዪ» አልኳት።

ቀጠለች። ጥምቁ ጭስ ጭስ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚል ሽታ ይዞ ወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ማሞቂያው በሥራው መካከል በራሱ ጠፋ። ከጋኑ ሥር ወለሉ ከመጠን በላይ ሲግል ኃይል የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አለ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቁልፉ ሲጫን ይመለሳል። እኔም «ቁልፉን ተጫኝና ቀጥዪ» አልኳት። ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜ አስጫንኳት። በሦስት ወር መጨረሻ በሪፖርቷ ጠርዝ ላይ በእጄ የጻፍኩት «የጥንቃቄ ጉድለት፤ ሙከራው ይደገም» የሚል ነበር። ለመድገም ጊዜ አልነበረም። ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም።

በክረምቱ፣ ቤተ ሙከራው ጭር ባለበት ወቅት፣ ሥራውን ብቻዬን ደገምኩት። ጥንቃቄ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አስቤ ነበር። አረረብኝ።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰሌዳው 67 እያለ እንዴት ያርራል?

ሰሌዳው አልዋሸም። የሙቀት መለኪያው ያለበት ቦታ ላይ ያለው ፈሳሽ በእርግጥም 67 ዲግሪ ነበር። ያረረው ግን እዚያ አይደለም። ያረረው ብረቱና ፈሳሹ በሚገናኙበት፣ መለኪያው በማይደርስበት ወለል ላይ ነው። የወለሉን ሙቀት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሚያልፈው የሙቀት ፍሰት፣ በወለሉ ላይ የተኛው ሽፋን ውፍረት፣ የዚያም ሽፋን ሙቀት የማሳለፍ ችሎታ።

እስቲ በቁጥር እንየው። የማሞቂያው 2400 ዋት በ300 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ወለል በኩል ያልፋል እንበል። ይህም በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 8 ዋት፣ በስኩዌር ሜትር 80,000 ዋት ማለት ነው። በወንፊቱ ያለፈ ዱቄት ወለሉ ላይ ተኝቶ እንደ ገንፎ ሲረጋ የሙቀት ማሳለፊያ ቁጥሩን በ0.5 እንውሰድ፤ ከውሃ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ሽፋኑ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን በላዩና በታቹ መካከል ያለው ልዩነት 160 ዲግሪ ይሆናል። ከላይ 67 ከሆነ ከታች 227 ነው ማለት ነው። ያ ሽፋን ሲደርቅ ደግሞ ሙቀት የማሳለፍ ችሎታው ይቀንሳል፤ ልዩነቱም ይብሳል። በአንጻሩ 500 ዋቱ ብቻ ቢበራ ለዚያው ሽፋን ልዩነቱ 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የወለሉም ሙቀት 100 ላይ ይቆማል። ጋኑ ያው፣ ዱቄቱ ያው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥርም ያው 67፤ አንዱ ያርራል፣ አንዱ አያርርም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ተማሪዎቻችን በተለይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ብዙዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች ወርታቸውን የሚያሞቁት በእንፋሎት ነው። በሁለት ባር ፍጹም ግፊት ያለ እንፋሎት 120 ዲግሪ ነው። ወለሉ ቢቆሽሽ፣ ሽፋን ቢጋገርበት፣ የሚያልፈው ሙቀት ይቀንሳል እንጂ ወለሉ ከ120 አያልፍም። የእንፋሎት ሙቀት ጣሪያ አለው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን የሙቀት ጣሪያ የለውም፤ ያለው የኃይል ግዴታ ነው። 2400 ዋት ከተሰጠው 2400 ዋት ያስወጣል። መንገዱ ሲዘጋበት አይቀንስም፤ ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ የራሱን ግለት ይጨምራል። እንፋሎት እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ በሩን ይሰብራል።

ይህን ልዩነት ጥርት አድርጎ ያሳየን ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ነው። በ1934 በታተመው ጥናቱ ቀጭን ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ያሞቀው ነበር። ኃይሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሽቦው በእንፋሎት ሽፋን ተከበበ። ውሃው ሊደርስበት ስላልቻለ ሙቀቱ በቅጽበት ዘለለና የኒክሮም ሽቦው ቀለጠ። በዙሪያው ያለው ውሃ ግን ከመፍያ ነጥቡ አላለፈም። በእኛ ጋን ውስጥ ያለው ሽፋን እንፋሎት ሳይሆን ዱቄት ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ይህን ሥዕል በሙቀት ሽግግር ኮርስ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥለው ኖሬአለሁ። ከቤተ ሙከራዬ ጋን ጋር ያገናኘሁት ግን ካረረብኝ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኬሚስትሪው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ማረር ምን ክፋት አለው? ጠላችን አሻሮ ይገባበት የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጠላ እናቶች ገብሱን ቆልተው አሻሮ ያደርጋሉ፤ ዱቄቱን እያመሱ እንኩሮ ይሠራሉ፤ ጋኑን በወይራ ያጥናሉ። የጠቆረ ቀለምና የቆሎ መዓዛ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በ1912 የገለጸው የስኳርና የአሚኖ አሲድ መዋሃድ በምጣዱ ላይ በሚገባ ይካሄዳል።

ልዩነቱ በአቆላሉ ነው። ቆይ ሴት እጇ አያርፍም። እያንዳንዷ ፍሬ ጥቂት ጊዜ ምጣዱን ነክታ ትነሣለች፤ ሌላዋ ትተካለች። ግለቱ ለሁሉም በትክክል ይዳረሳል፤ በተፈለገውም ደረጃ ላይ ይቆማል። በጋኑ ወለል ላይ ግን አንዲት ስስ ሽፋን ሳትነቃነቅ ተኝታ ከቆሎ ደረጃ አልፋ ከሰል ትሆናለች፤ የቀረው 25 ሊትር ደግሞ ጥሬ ነው። ከዚያች ሽፋን የሚወጣው የጭስና የምሬት ቅመም በመላው ፈሳሽ ይሟሟል፤ በመፍላትም ሆነ በመብላላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አሻሮ ታስቦበት የተቆላ ነው፤ ማረር ሳይታሰብ የተቃጠለ ነው። ሁለቱን ቀለማቸው ቢያመሳስላቸውም አፍንጫ ይለያቸዋል።

ይህን ካልኩ በኋላ መከላከያውን በሥራው ቅደም ተከተል ልዘርዝር። ብዙው ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ወፍጮው። የተማሪዬ ብቅል የተፈጨው በሰፈር ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮ ቤቶቻችን ለእንጀራና ለዳቦ ዱቄት የተበጁ ናቸው፤ ብቅሉን አልመው ይሰጡናል። ለጠላ ድፍድፍ ይህ ችግር አይሆንም፤ ከሥሩ ማሞቂያ የለምና። ለእኛ ጋን ግን የደቀቀው ዱቄት ሁሉ በወንፊቱ አልፎ ወለሉ ላይ ይተኛል። ብቅሉ እንደ ቅንጬ እንዲሰበር፣ ገለባውም ሳይደቅ እንዲቀር ያስፈልጋል። ገለባው ራሱ ማጥለያ ሆኖ ዱቄቱን ይይዛልና።

ሁለተኛ፣ ገለባ የሌለውና ያልበቀለ እህል። የማሽላ ስታርች የሚረጋው ከገብሱ በላቀ ሙቀት፣ በግምት ከ68 እስከ 78 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ በጋኑ ውስጥ ጥሬውን መጨመር ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው፤ አይበስልም፣ ደግሞም ይዘቅጣል። ለብቻው በድስት፣ ጥቂት ብቅል ተጨምሮበት እንዲቀጥን፣ እንደ ገንፎ እየተማሰለ መብሰል አለበት። ከዚያ በኋላ ከቅርጫቱ ውስጥ ካለው ድፍድፍ ጋር ይቀላቀላል።

ሦስተኛ፣ ኃይሉን መመጠን። ንጹሕ ውሃ አያርርም፤ ብቅሉ ከመግባቱ በፊት 2400 ዋቱን በሙሉ መጠቀም ይቻላል። 25 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 67 ዲግሪ ለማድረስ 34 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ብቅሉ ከገባ በኋላ ግን ትልቁ ማሞቂያ ይጥፋ። 6 ኪሎ ብቅል ያለበትን 25 ሊትር በ10 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ በሙሉ ኃይል 8 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ500 ዋት፣ ወደ አየር የሚባክነው ሳይታሰብ እንኳ፣ 38 ደቂቃ። ጋኑን በወፍራም ብርድ ልብስ መሸፈን ይህን ያቃልላል። የትዕግሥት ዋጋው ግማሽ ሰዓት ነው። እኛ ያንን ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ስንል ሦስት ወር አጣን።

አራተኛ፣ የፓምፑ ፍጥነት። ፓምፑ ሲፈጥን ጥሩ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ከብቅሉ ውስጥ ከሚንጠባጠበው በላይ ከሳበ ከወንፊቱ በታች ያለው ቦታ ይደርቃል፤ ብቅሉም ተጨምቆ እንደ ጭቃ ይደፈናል። ከላይ ፈሳሽ ሞልቶ ይታያል፤ ከታች ግን ወለሉ ባዶውን ይግላል። የተመላሹ ፈሳሽ ፍሰት ሲቆራረጥ፣ ፓምፑም አየር ሲስብ ድምፁ ሲለወጥ፣ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ ፓምፑን ማዘግየት፣ ብቅሉን ቀስ ብሎ ማማሰል ይገባል።

አምስተኛ፣ ቅርጫቱ ከተነሣ በኋላ ያለው ሰዓት። ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ዱቄቱ ዘቅጧል፤ እኛ ደግሞ ለማፍላት ቸኩለን ሙሉውን ኃይል እናበራለን። ከማብራታችን በፊት ረጅም የእንጨት ማማሰያ ይዘን ወለሉን ዳር እስከ ዳር እንፈቅፍቀው። ሙቀቱ ወደ 80 ሲደርስ ደግሞ ፕሮቲኑ መርጋትና መዝቀጥ ይጀምራልና አንድ ጊዜ እንድገመው። መፍላት ከጀመረ በኋላ አረፋው ራሱ ወለሉን ስለሚያናውጥ አደጋው ይቀንሳል። ማር ወይም ስኳር የሚጨመር ከሆነ ማሞቂያው ይጥፋ፤ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ይብራ።

ስድስተኛው የመሣሪያው መመሪያ ያልነገረን፣ የእኛ የደጋው ሰዎች ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሣሪያውን 98 ወይም 100 ላይ ሞልተን ብንተወው እዚያ ለመድረስ ሲል ማሞቂያውን አንዴም አያጠፋውም፤ ሊደርስበት የማይችለውን ቁጥር ያሳድዳል። በሙሉ ኃይል ሲፈላ፣ ሙቀቱ ሁሉ ለእንፋሎት ቢውል፣ በሰዓት 3.8 ሊትር ገደማ ይተናል፤ ወርቱም እየወፈረ ለማረር የተመቸ ይሆናል። ስለዚህ መፍላቱን በዓይናችን አይተን ኃይሉን በእጃችን እንቀንስ።

ሰባተኛ፣ ንጽሕና። ካለፈው ጥምቅ የቀረ ስስ ቅርፊት ለሚቀጥለው መነሻ ነው፤ አዲሱ ዱቄት በቀላሉ ይጣበቅበታል። በሙቅ የአልካሊ ማጽጃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም የማዕድኑን ቅሪት በሲትሪክ አሲድ ማስለቀቅ ይበቃል። በሽቦ መፈተግ አያስፈልግም፤ ጭረቱ ራሱ ለቅርፊቱ መያዣ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሽታው ቢመጣስ? እናቶቻችን ወጥ ሲያርርባቸው የሚያደርጉትን ማድረግ ነው። ወዲያው ከእሳት ያወርዱታል፤ አያማስሉትም፤ ወለሉን ሳይነኩ የላይኛውን ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ይገለብጣሉ። ከዚያም ይቀምሱታል። ጭሱ ገብቶበት ከሆነ ይደፉታል እንጂ ነገ ይሻለዋል ብለው አያስቀምጡም። የኃይል ማቋረጫው በራሱ ሲጠፋም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ወለሉ «አረርኩ» ብሎ እየነገረን ነው። ቁልፉን ከመጫን በፊት ጋኑን ገልብጦ ወለሉን ማየት ይገባል።

ወደ ታሪኩ ልመለስና ልጨርስ። በቀጣዩ መስከረም ተማሪዬ ስትመለስ፣ ክረምቱን እኔም እንዳሳረርኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «መምህር፣ ወለሉ ላይ ሌላ ቴርሞካፕል ብናደርግስ?» አለችኝ። ለካ ይህን ሐሳብ ከሁለተኛው ጥምቅ ጀምራ ይዛው ኖሯል። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ብዬ ልጠይቃት አልኩና ተውኩት። አንድ ጊዜ «አሽትቱት» ብላኝ የሰጠኋትን መልስ አስታወስኩ።

ቴርሞካፕሉን ወለሉ ላይ አጣበቅን። ሆን ብለን በድሮው መንገድ፣ በደቀቀ ዱቄትና በሙሉ ኃይል ጠመቅን። የላዩ ንባብ 67 ላይ ቆሞ ሳለ የወለሉ ንባብ ከ100 አልፎ መውጣቱን ቀጠለ፤ ከዚያም ማቋረጫው ጠፋ። ሁለታችንም ምንም አላልንም። በሳምንቱ ብቅሉን እንደ ቅንጬ አስሰብረን፣ ማሽላውን ለብቻው አብስለን፣ በ500 ዋት ጠመቅን፤ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጥናቷን ከዚያው ዓመት ተማሪዎች ጋር አጠናቅቃ ተመረቀች፤ ካሰበችው አንድ ዓመት ዘግይታ ማለት ነው። ያንን ዓመት ልመልስላት አልችልም። ማድረግ የቻልኩት ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጽፌ በሪፖርቷ ጠርዝ ላይ ያሰፈርኩት አስተያየት ስሕተት መሆኑን በማኅደሯ ማስገባት ብቻ ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብለን ከመጻፋችን በፊት መለኪያችን የት ቦታ እንደተተከለ እንጠይቅ። እኔ ያመንኩት ቁጥር እውነተኛ ነበር፤ ያረረው ቦታ ቁጥር ግን አልነበረም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከወለሉ ወሬ ያመጣ ብቸኛው መሣሪያ የተማሪዬ አፍንጫ ነበር፤ እኔም እሱን አላነበብኩትም።

ተማሪዎቻችን ደግሞ፤ ሲሸታችሁ አጥፉት። ከዚያ በኋላ ኑና ንገሩን። ሰሌዳው የሚለውን ብንነግራችሁም እንኳ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ንገሩን።